ዋናው ሞተር እስኪመጣ

በልጅነቴ እናቴን እንቃት ነበር። ምክንያቱ ሞተር ነው።

ደብረ ወርቅ ላይ መኪና ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን እኛ መኪና ነበረን። ልኮራባት ሲገባኝ፣ ድምጿ ከሩቅ ሲሰማ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እደበቅ ነበር። አያቴ ገዝተዋት አባቴ ሙላት የነዳት አረንጓዴ ላንድሮቨር ናት፤ ጣሪያዋ ሸራ፣ የኋላ ወንበሯ ጣውላ። የራሷ የናፍጣ ሞተር ተሰንጥቆ ከወጣ ወዲህ፣ ከተጋጨች ትንሽ የቤት መኪና የተነቀለ የቤንዚን ሞተር ተገጥሞላት ነበር የምትሄደው። የበሬ ቀንበር ፍየል ላይ እንደ መጫን ነው። እየሳለች ትነሣለች፣ እያጨሰች ትሄዳለች፣ ዳገት ሲመጣባት ቆማ ታስባለች።

"ዜማ፣ ወፍጯችሁ መጣች፤ እህል ይዘን እንምጣ?" ይሉኝ ነበር የክፍሌ ልጆች።

ያን ሞተር በስሙ የሚጠራው አልነበረም። "ጊዜያዊው" ነው የሚሉት። መኪናችን ለምን እንደምታጨስ፣ ለምን ተሳፋሪ እንደሚወርድላት ለጠየቀ ሁሉ አንድ መልስ ነበር፤ ዋናው ሞተር እስኪመጣ ነው።

ዋናውን ይዞ የሄደው የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ እንዳላማው ነው። ደብረ ማርቆስ ይኖር ነበር። ያኔ እርስዎ እለው ነበር፤ አሁን ሞቷል፣ እሱ ማለት ይበቃዋል። አባቴ ታሞ በተኛበት ወራት መጣና የተሰነጠቀውን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ፣ "አዲስ አበባ የሚያድሰው ሰው አውቃለሁ፤ አንተ ብቻ ዳን" ብሎት ሄደ። አባቴ አልዳነም። ስለዚያ እዚህ ብዙ አልናገርም።

በአርባው ተዝካር ዕለት ሽማግሌዎቹ ከቤታችን ጓሮ ተቀመጡ። እኔ ከጌሾው ሥር ነበርሁ። ሰብሳቢው መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ ዝምታቸው ግን የሚያስፈራ ሰው። ጋሼ እንዳላማው ቆሞ ተናገረ። መኪናዋ የአባታችን ናት፣ ወንድሜ ነዳት እንጂ አልገዛትም፣ ያልተካፈልናት ውርስ ናት አለ። ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ።

"ነገር ግን በዚህ ሞተር ብትሸጥ ማን ዋጋ ይሰጣታል? ዋናውን እኔ አሳድሼ አመጣለሁ። ሙሉ ስትሆን ትሸጥና ለሁለት እንካፈላታለን። እስከዚያ የወንድሜ ሚስት የብርጓል በጊዜያዊው እያሠራች ልጆቹን ታሳድግባት። እኔ የሙት ልጅ አፍ አልነጥቅም።"

መሪጌታ "ታመጣዋለህ?" አሉት። በማርያም ስም ማለ። የተሰበሰበው ሰው በደግነቱ አጉተመተመ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝሁት "ሙሉ ስትሆን" እና "ለሁለት" የሚሉትን ነው። መኪናዋን በመጋዝ ለሁለት ሊቆርጧት መሰለኝ። ለብዙ ሌሊት ያሳሰበኝም የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰን ነበር። መሪው ያለበት የፊተኛው እንዲሆንልን ተሳልሁ፤ ጋሼ እንዳላማው ደግ ስለሆነ የፊተኛውን ይተውልናል ብዬም ተጽናናሁ። ነገሩ ግን ከመጋዝ የቀለለ ነበር። መኪናዋ ሙሉ ናት የተባለች ዕለት ትሸጣለች፤ እናቴ የገበያ ተሳፋሪ የምትጭንባት፣ እኔና ታናሽ እህቴ የምንበላባት መኪና ዳግመኛ የለችም። ይህን ከጓሮው ሰዎች መካከል በደንብ የተረዳች አንዲት ሰው ነበረች። እሷም ጠላ እየቀዳች ነበር።

መኪናዋ በገበያ ቀን ከደብረ ወርቅ ጉንደ ወይን ትመላለሳለች። መካከል ላይ የአጋም ዳገት አለ። እዚያ ስትደርስ ሾፌራችን ምናለ ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ቃል አያስፈልገውም፤ ሰው እያጉረመረመ ይወርዳል።

"የብርጓል መኪና እኮ ኪራይ ተከፍሎባት በእግር የሚኬድባት ናት" አለ አንድ ጊዜ ሽንኩርት ጫኝ ነጋዴ።

"እኔስ ለዶሮዎቼም ከፍያለሁ" አለች ማሬ የምትባል ከቁይ የመጣች ሴት። "እኔ ልውረድ፤ እነሱ ግን የከፈሉበትን ይቀመጡ።"

"ግፉ እንጂ አትሳደቡ" አለ ምናለ። "ስድብ ቤንዚን አይሆንም።"

እናቴ ከሁሉም ቀድማ ወርዳ ትገፋለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ትከሻዋን ከጭቃ መከላከያው አስጠግታ። እኔ ከዶሮዎቹ ጋር እቀመጥና አንገቴን ወደ ማዶ አዞራለሁ።

ደብረ ወርቅ ላይ ስለዚያ ሞተር አስተያየት የሌለው ሰው አልነበረም። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ነጋዴ፣ ከበቅሎ ሌላ ያልተቀመጠ ቄስ፣ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ሳይቀር እናቴን መንገድ ላይ አስቁሞ ይመክራታል። አሳድሺው፣ አጠንክሪው፣ ስስት መኪና ይገድላል። እሷ እጅ ነስታ "እሺ፣ አስብበታለሁ" ትላለች። ሁሉም መካሪ እንደ ሰማችው ተማምኖ ይሄድ ነበር። የሞኝ ደስታ ርካሽ ነው፤ እናቴ ለሁሉም ታድል ነበር።

ጋሼ እንዳላማው ራሱ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ኮቱ አዲስ፣ ሽቶው ከበሩ ቀድሞ የሚገባ፣ ኪሱ በከረሜላ የተሞላ። ሁላችንንም ይዞን ጉንደ ወይን ወደ ሱሩር ጋራዥ ወረደ። ሱሩር መካኒክም የመለዋወጫ ነጋዴም ነው፤ አባቴ በሕይወት ሳለ መኪናዋን ሌላ ሰው ነክቷት አያውቅም። ኮፈኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"እትዬ የብርጓል፣ በሽተኛ ሦስት ዓይነት ነው። የሚድን፣ የሚሞት፣ እና ጎረቤት የሚያስቸግር። ይቺ ሦስተኛዋ ናት።"

"ምን ይሻላታል?" አለች እናቴ።

ሱሩር ጆንያ ዘርግቶ ዕቃዎቹን ደረደረ። ፒስተኑን የሚያቅፉትን ቀለበቶች፣ ፋሻ የሚሏቸውን፣ አነሣ። "ይህን ብቻ ብለውጥ ጭሱ ይቀንሳል፤ ትንሽ ትተነፍሳለች።" ቀጥሎ ወፍራም ፒስተን አነሣ። "ሆዱን አስፍቼ ይህን ብገጥም ጉልበት ትጨምራለች።" መጨረሻ ላይ አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለውን ትልቅ ካርቡራተር በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቀፈ። "ይህንና ሰፊ ራዲያተር ብደርብላት ደግሞ የአጋምን ዳገት እየዘፈነች ትወጣለች።"

እኔ ካርቡራተሩን ወደድሁት። ያበራ ነበር።

"ሁሉንም ግጠም" አለ ጋሼ እንዳላማው። "የወንድሜ መኪና ናት። ግማሹን እኔ እችላለሁ። ሙሉ ትሁንና ሰው ይያት።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች እናቴ። "ግን ጊዜያዊ አይደል?"

"ነው እንጂ።"

"ዋናው ይመጣ የለም?"

"ይመጣል ብዬ ምያለሁ እኮ።"

"እንግዲያ ለአዳር እንግዳ አዲስ መደብ አይሠራለትም። ፋሻው ይበቃዋል።"

ጋሼ እንዳላማው ሳቀ። ጎንበስ ብሎ ከረሜላ አስጨበጠኝና እሷ እንድትሰማ አድርጎ፣ "ዜማ፣ የእናትሽ መቀነት ያለ ቄስ አይፈታም" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ሳቄን ሰማች፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም።

ልንወጣ ስንል ወደ ሱሩር ዞር አለች። "ፍሬኑን ግን ሁሉንም በአዲስ ለውጠው። አሮጌ አትመልስበት።"

ንቀቴ ያን ቀን ሥር ሰደደ። ለሚያስኬዳት ነፍጋ ለሚያቆማት ታወጣለች። ከዚህ የባሰ ሞኝ ሴት ይኖራል? ሱሩር ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ልጠይቀው ስሄድ፣ እናቴ ያን ዕለት ለብቻው ያለችውን ነገረኝ። "ሰው እንዳይሞትባት አድርጋት። ሰው እንዳያደንቃት ደግሞ አድርጋት።"

ፋሻው ግን ከታሰበው በላይ ሠራ። በሚቀጥለው ገበያ መኪናዋ የአጋምን ዳገት ሰው ሳታወርድ ወጣች። ማሬ እልል አለች። ሽንኩርት ነጋዴው ባርኔጣውን አወለቀ። ምናለ መሪውን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገው። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸራው ቀዳዳ አንገቴን አውጥቼ የሚያየኝ ሰው ፈለግሁ። ወደ እናቴ ስመለከት ፊቷ አመድ መስሏል። ደስታ የማያውቅባት ሴት ናት አልሁ በልቤ። እንደ ትልቅ ሰው ነበር የማስበው።

ጉንደ ወይን እንደ ደረስን ምናለን ቤንዚን እንዲያመጣ፣ እህቴን ከእሱ ጋር እንድትሄድ ላከቻቸው። እኔን ሱሩር ጋራዥ አጠገቧ አስቀረችኝ። ከሱሩር ጋር ጎን ለጎን ቆመው ተንሾካሾኩ። ሱሩር መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን አከከ።

"እትዬ፣ እኔ ሰው 'ጨምርልኝ' ሲለኝ ነው የኖርሁት።"

"ይኸው ደግሞ አንድ ቀን የተለየ ሰማህ።"

ከዘይት ጣሳ ክዳን ላይ በመቀስ አንድ ክብ ቆርቆሮ ቆረጠ፤ መሐሉን በምስማር በሳው። ከካርቡራተሩ ጉሮሮ ሥር፣ በሁለቱ ብሎኖች መካከል አስገባትና አጠበቀ። ብርማ ቀለበት ትመስል ነበር። በመጨረሻ እናቴ ልብ ገዛች አልሁ፤ አዲስ ዕቃ ተገጠመላት። በማግስቱ ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አወራሁ። በዚያው ሳምንት መኪናዋ ከቀድሞው ብሳ ዳገቱ ሥር ስትቆም፣ ሱሩርም በመዝገቤ ከደንቆሮዎች ተርታ ገባ።

ቆርቆሮዋ የሞተሩን ትንፋሽ ማነቂያ ነበረች። እናቴ ያንን ከምናለና ከእህቴ ሰውራ በእኔ ፊት ማስደረጓን ለዓመታት እንደ ዝንጉነት ቆጥሬላት ነበር። ዝንጉ አልነበረችም። ለጋሼ እንዳላማው ወሬ የማቀብለው እኔ እንደሆንሁ፣ ዋጋዬም ከረሜላ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ያን ዕለት ከሱሩር ስንለይ እንደ ልማዷ ወፍጮ ቤት ሄድን። ይህም ሌላው ንቀቴ ነው። ደብረ ወርቅ ሁለት ወፍጮ እያለ እናቴ ጤፏን ጭና ጉንደ ወይን ድረስ ታመጣለች። ባለቤቱ ተሳዳቢ፣ ወረፋው ረጅም፣ ዱቄቱ የማይደቅቅበት ቤት። እህሏን አስረክባ ከወረፋው ትወጣና ሞተሩ ካለበት ክፍል ጀርባ ትሄዳለች። ጭቃ ግድግዳው ላይ መዳፏን አስደግፋ ትቆማለች። ግድግዳው ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ መዳፏም አብሮ።

"እማ፣ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እህሉ እስኪወርድ ነው።"

"ወርዷል እኮ። ሰውየው እየጠሩሽ ነው።"

"ሰማሁት" ትላለች። አትነቃነቅም።

ከዓመት በፊት ሱሩር የዚያን ወፍጮ ሞተር እንዲጠግን ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ክዳኑን ሲያወጣ ከጎኑ የራሱን እጅ ብየዳ አየ፤ አባቴ በሕይወት ሳለ የበየደው፣ እንደ ጠባሳ የሚታወቅ። የላንድሮቨራችን የናፍጣ ሞተር ነው፤ ለእናቴም ለብቻዋ ነገራት። አዲስ አበባ አልሄደም። ጋሼ እንዳላማው ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንድ ነጋዴ ሸጦት፣ ነጋዴው አሳድሶ ለባለ ወፍጮው ሰጥቶት ነበር። በማርያም ስም በማለበት ዕለት ሞተሩ ጉንደ ወይን ላይ ሽምብራ እየፈጨ ነበር።

ያ ሁሉ ደግነት እንግዲህ ከዚያ ነው የመጣው። ዋናውን ማምጣት ስለማይችል ጊዜያዊውን ዋና ማድረግ ነበረበት። እናቴም ብትናገር ሞተሩ ይመለሳል፤ ሞተሩ ከተመለሰ መኪናዋ ሙሉ ናት፤ ሙሉ ከሆነች እኛ እንራባለን። ስለዚህ ዝም አለች፤ ጤፏን ግን እዚያ ወሰደች። አባቴ በየጠዋቱ የሚያስነሣውን፣ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳትን ድምፅ በምስጢር የምታገኝበት ሌላ ቦታ አልነበራትም። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔም ራሴ አሁን መዳፌን የማስደግፍበት ግድግዳ አለኝ። የት እንደሆነ ለማንም አልናገርም።

ጋሼ እንዳላማው ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣ። በሩ ላይ ያዘኝ።

"መኪናችን እንዴት ናት ዜማዬ?"

"የአጋምን ዳገት ሰው ሳይወርድ ወጣች። ሱሩር ደግሞ አዲስ ቀለበት ገጠመላት፤ የሚያበራ።" መቆሟን አልነገርሁትም፤ እንዳያዝን።

ሁለት ከረሜላ ሰጠኝ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ።

"መኪናዋ ድናለች" አላቸው። "የአጋምን ዳገት ወጥታለች፤ ከዚያም በኋላ ዕቃ ተጨምሮላታል። ዋናውን መጠበቅ ምን ያደርጋል? ሙሉ ናት። እንካፈል።"

መሪጌታ አካለ ወልድ ወደ እናቴ ዞሩ። "አንቺስ?"

"እኔ ስለ ሞተር ምን አውቄ" አለች እናቴ። "ጋሼ ሙሉ ናት ካሉ ሙሉ ትሆናለች። እናንተ ዓይታችሁ ፍረዱ።"

"እንያት" አለ ጋሼ እንዳላማው ራሱ። "አሁኑኑ እንሂድ። ዳገቱን ሰው ሳይወርድ ከወጣች ሙሉ ናት፤ ካልወጣች አፌን እይዛለሁ።"

መሪጌታና ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ኋላ ተቀመጡ፤ የአንዱ ጋቢ የሌላውን እየገፋ። ጋሼ እንዳላማው ከፊት፣ ከምናለ ጎን። እናቴ፣ እህቴና እኔ ከኋላ ጫፍ። ምናለ ስለ ቆርቆሮዋ አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ከልቡ ነዳ። ሜዳው ላይ መኪናዋ ጨዋ ሆነች። ጋሼ እንዳላማው ወደ ኋላ እየዞረ "ሰማችሁ ድምፅ?" ይላል። ሽማግሌዎቹ ስለ ድምፅ የሚያውቁት የከበሮና የጸናጽልን ነው፤ ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዳገቱ ሥር ምናለ ማርሽ ቀነሰ። ወጣች። ጥቂት ወጣች። ከዚያ ሳል ጀመራት፤ እንደ አሮጌ መነኩሴ፣ ደረቅና ረጅም። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ፈላ። እኔ በልቤ "በርቺ፣ በርቺ" እላት ነበር፤ የፊተኛውን ግማሽ ለማግኘት ዳገቱን መውጣት ያለባት ይመስለኝ ነበርና። መካከል ላይ ደርሳ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ዝም አለች።

ከኋላችን ገደል ነበር። አንደኛው ሽማግሌ "በስመ አብ" ማለት ሲጀምሩ ምናለ ፍሬኑን ረገጠ። አዲሱ ፍሬን እንደ ችካል ያዛት። ጣት ያህል እንኳ ወደ ኋላ አልተንሸራተተችም።

"ይወረድ" አለ ምናለ ከልማድ።

ወረዱ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ጭቃው ላይ ቆሙ። ጋሼ እንዳላማው መጨረሻ ወረደ።

"ሙሉ ናት ብለኸን ነበር" አሉ መሪጌታ።

"ሙሉ ናት። ሰው በዝቶባት ነው።"

"ለምን ተሠራች ታዲያ? ለማገዶ?"

"ትንሽ ብትገፋ ትነሣለች።"

"ግፋት እንግዲህ" አሉ መሪጌታ። "እኛ ለሽምግልና ነው የመጣነው፤ በሬ ጠፍቶብህ ከሆነ አልነገርኸንም።"

ጋሼ እንዳላማው ገፋ። ጎማው ዞረና አዲሱን ኮት ከአንገት እስከ ጉልበት በጭቃ ለሰነው። ቀና ሲል እኔን አየኝ፤ ስለዚያ የሚያበራ ቀለበት ሊጠይቀኝ ፈልጎ፣ ከሰው ፊት እንዳይጠይቀኝ ተቸግሮ። ለእኔ ያዘነልኝ መሰለኝ፤ አባት የሌላት ልጅ፣ መኪናዋም እንዲህ ሆነች ብሎ። ላጽናናው ፈልጌ ፈገግ አልሁለት።

እናቴ ወደ እሱ ቀረብ ብላ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ ተናገረች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። የእርስዎን ቃል አምኜ ነው ሌላ ዕቃ ያልጨመርሁባት። ዋናው እየመጣ ጊዜያዊውን ምን አደክመዋለሁ ብዬ።"

መሪጌታ ለረጅም ጊዜ እሷን፣ ከዚያ እሱን ተመለከቱ። "የማልህበት ሞተር ይምጣ" አሉ። "ያን ጊዜ ትካፈላላችሁ።"

"ይመጣል" አለ ጋሼ እንዳላማው ጭቃውን እየጠረገ።

እናቴ ፊቷን አዞረች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና በሁለት እጇ አፏ ላይ ያዘችው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ "አይዞሽ የብርጓል፣ እግዜር ያውቃል" አሏት። እኔ አላዘንሁላትም። ለካርቡራተር የነፈገች ሴት አሁን ታለቅሳለች ብዬ በልቤ ፈረድሁባት። ለቅሶ አልነበረም። ግን ያን ከማወቄ በፊት ብዙ ዓመት ማለፍ፣ እኔም ነጠላ መልበስ ነበረብኝ።

መሪጌታ ግን ያኔውኑ ያወቁ ይመስለኛል። መኪናዋ ተገፍታ ስትነሣ፣ ከእናቴ ጎን ሲያልፉ፣ "ፍሬኗ ደግ ነው" ብለው ብቻ ሄዱ።

ቆርቆሮዋ ከዚያ ወዲህ በሱሩር ኪስ ኖረች። ጋሼ እንዳላማው መጣ ሲባል ትገባለች፤ ሲሄድ ትወጣለች። ጊዜያዊው ሞተር እኔንም እህቴንም አስተማረ። በየፋሲካው ጋሼ እንዳላማው ለጥየቃ ሲመጣ፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ፣ እናቴ ጠላውን በሁለት እጇ ትሰጠውና ጎንበስ ብላ እንደ ዘመድ ትጠይቀዋለች።

"ሞተሩ እንደምን ሰነበተ ጋሼ?"

"አለ። በመንገድ ላይ ነው።"

"እግዜር በሰላም ያግባው።"

እንግዶቹ አሜን ይላሉ። እኔ ያን የምትጠይቀው ከልቧ፣ ከናፍቆት የተነሣ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝነቷንም እንቅ ነበር። እሱ ግን ከየዓመቱ ዶሮ ወጥ በፊት ያንን ጥያቄ መዋጥ ነበረበት። ሲሞት ሞተሩ ገና በመንገድ ላይ ነበር። እናቴ በቀብሩ ላይ እንደ ሥርዓቱ አለቀሰች፣ ከሥርዓቱ አላለፈችም።

ባለፈው ዓመት ባሌ ሞተ። ደብረ ማርቆስ ላይ የጀመርነው ቤት አለ፤ ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ ሁለቱ ክፍሎች ብቻ የሚኖርባቸው። ከአርባው ማግስት ሁለቱ ወንድሞቹ መጡ። የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። መሬቱ የአባታቸው እንደ ነበር አስታወሱኝ። ቸኩለው እንዳልመጡም ነገሩኝ።

"ቤቱ መጀመሪያ ይለቅ" አለ ታላቁ። "በዚህ ሁኔታው ቢሸጥ ዋጋ የለውም። ልስኑንም ኮርኒሱንም እኛ እናግዝሻለን። ሙሉ ሲሆን በሰላም እንካፈላለን። እስከዚያ ኑሪበት።"

እናቴ ጥግ ላይ ጋቢዋን ለብሳ ተቀምጣለች። አርጅታለች፤ ብዙ ጊዜ ታንቀላፋለች። ያንቀላፋች መስሎኝ ነበር።

"ለመሆኑ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ሞተሩ መጣ?"

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ታላቁ በአዘኔታ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እርጅና ነው። የትም ያለ ነው።"

"ገና ነው እማ" አልሁ። "በመንገድ ላይ ነው።"

"እንግዲያ ፋሻው ይበቃዋል" አለች፤ ተመልሳም አንቀላፋች።

ከባሌ ቀብር ወዲህ እንዲያ ያለ ነገር ከውስጤ አልመጣም ነበር። ፊቴን አዞርሁ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁና በሁለት እጄ አፌ ላይ ያዝሁት፤ ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ።

"አይዞሽ" አለኝ ታናሹ፣ ዓይኑን ኮርኒስ ከሌለው ጣሪያ ላይ ሳያነሣ።